የሙያ ኮሌጅና የንግድ ቤት፤ ስለ ሠለጠነ ሠራተኛ እጥረት

ለንግድ መስፋፋት ገንዘብ፥ መንገድና ዕቃ እንደሚያስፈልጉ ለነጋዴው ወገን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ ተሟልተው ሳለ አራተኛው ስለ ጐደለ ብቻ ሥራ የሚቆምበት ጊዜ አለ። አራተኛውም መኪናውን የሚያንቀሳቅስ፥ ሳይሰበር የሚጠብቅ፥ ሲሰበርም የሚጠግን የሠለጠነ እጅ ነው። በቡሌ ሆራ፥ በያቤሎ፥ በነገሌ ቦረናና በሞያሌ የሚነግዱ ሰዎች ዛሬ አብዝተው የሚቸገሩት በዚሁ በአራተኛው ስለሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ተገቢ ነው።

ቡሌ ሆራ፥ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረችው ከተማ፥ ከአዲስ አበባ 467 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ትገኛለች። ጐዳናው አዲስ አበባን ከናይሮቢና ከሞምባሳ ወደብ ጋር የሚያገናኘው የታላቁ መስመር ክፍል ነው። ከአንዱ ወገን የጉጂ ቡና ይመጣል፤ ከሌላው ወገን የቦረና ከብት ይወጣል፤ በመካከሉም የጭነት መኪና ሌሊትና ቀን ይመላለሳል። የሦስቱም ዕድል በመካኒክ፥ በኤሌክትሪክ ሠራተኛና በበያጅ እጅ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ግን የምናስበው አንዱ ሲቆም ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ቡናውን እንመልከት። በሐምበላ ዋመና፥ በቀርጫና በገላና ወረዳዎች የሚበቅለው ቡና ዛሬ በዓለም ገበያ በጉጂ ስም እየተጠራ ይሸጣል። ታጥቦ የሚዘጋጀው ቡና ግን ጊዜ አይሰጥም። የተለቀመው ቀይ እሸት በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት፤ መፈልፈያው ተበላሽቶ ካደረ እሸቱ በተከመረበት መፍላት ይጀምራል፥ ጣዕሙም ይለወጣል። እንዲህ ያለው ቡና በቀማሾች ፊት ቀርቦ ደረጃው ሲወርድ፥ ጥፋቱ የአፈሩም የገበሬውም ሳይሆን የአንድ ቡሎን ወይም የአንድ ሞተር ይሆናል። ይህ ጸሐፊ በሚሠራበት የንግድ ቤት በአንድ የለቀማ ወራት ሞተር ቆሞ፥ መካኒክ ከሀዋሳ እስኪመጣ ሦስት ቀን ተጠብቋል። ለመካኒኩ የመንገድ፥ የአልጋና የድካም ዋጋ የተከፈለው ገንዘብ ከመለዋወጫው ዋጋ በልጦ በመዝገብ ሠፍሯል። ለተበላሸው ቡና ግን የሠፈረ ሒሳብ የለም። ነጋዴው የባለሙያ እጥረትን ዋጋ ሳያውቀው የሚከፍለው በዚህ ዓይነት ነው።

ወደ ቦረና ስንወርድም ነገሩ ያው ነው። የቦረና ሕዝብ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ሰው ከሰው እየተቀባበለ ውኃ በማውጣት ከብቱን ለብዙ ዘመናት ሲያጠጣ ኖሯል። የውኃውን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው፤ ጉድጓዱ ደለል ሲሞላ እንዴት እንደሚታደስ የሚያውቁ ሰዎች ከዚያው ከሕዝቡ መካከል ይገኛሉ። ዕውቀቱና ጉድጓዱ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ሥፍራ በሞተርና በፀሐይ ኃይል ውኃ የሚስቡ ጉድጓዶች ተጨምረዋል። ፓምፑ ሲመጣ ግን ፓምፑን የሚያውቀው ሰው አብሮ አልመጣም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ተጓድለው እጅግ ብዙ ከብት ባለቀበት ጊዜ፥ የቆመ ፓምፕ ምን ማለት እንደሆነ የማይረዳ የከብት ነጋዴ አልነበረም። የቆዳ ነጋዴውም በበኩሉ የሚያውቀው ጉዳት አለ። በአገፋፈፍ ጊዜ ቢላዋ የነካው ቆዳ የበሬው ውፍረት ምንም ያህል ቢያምር ዋጋው ይወድቃል፤ ቆዳ መግፈፍም ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ ነውና።

በዚህ መካከል የሚያሳዝነው ነገር ሥራ ፈላጊው መብዛቱ ነው። ከብቱ ያለቀበት የአርብቶ አደር ልጅና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣው ወጣት በከተሞቻችን አደባባይ ቆመው ይውላሉ። እኛ እጅ አጣን እንላለን፤ እነርሱ ሥራ አጣን ይላሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ የሙያ ትምህርት ነው።

አገራችን ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጁን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም.፥ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም በ1935 ዓ.ም. ተከፈቱ። የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተከተለ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 391/1996፥ ኋላም በዐዋጅ ቁጥር 954/2008 ሕጉ ተደንግጎ፥ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እስከ ወረዳ ከተሞች ድረስ ተስፋፍተዋል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም ጉዳዩን የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

ኮሌጅ ካለ እጥረቱ ስለምን አልተቃለለም? መልሱ በ2000 ዓ.ም. በወጣው የሙያ ትምህርት ስትራቴጂ ውስጥ ይገኛል። በትብብር ሥልጠና ደንብ መሠረት ሠልጣኙ ከትምህርቱ ጊዜ 30 በመቶ የሚሆነውን በኮሌጅ፥ 70 በመቶ የሚሆነውን ግን በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ታስቧል። እንግዲህ ዐቢዩ ነገር ይህ ነው። ሰባው እጅ የሚሰጠው በማን ቤት ነው? በጋራዡ፥ በቡና ማጠቢያው፥ በወፍጮ ቤቱ፥ በመጋዘኑ፥ ማለትም በእኛው በነጋዴዎቹ ቤት ነው። ኮሌጁ ሠላሳውን አስተምሮ ሲልክ እኛ ሰባውን ካልሰጠን፥ የሚወጣው ባለሙያ ሳይሆን ባለወረቀት ይሆናል። የኮሌጁ ጉድለት ነው እያልን የምናማርረው ነገር ብዙው የራሳችን ድርሻ ነው።

በሌላው ዓለም የተሳካላቸው አገሮች መንገድም ይኸው ነው። በጀርመን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 በወጣው የሙያ ትምህርት ሕግ መሠረት፥ ሙያ ተማሪው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይውልና የቀረውን ቀን በድርጅት ውስጥ እየሠራ ይማራል። የተማሪውን ውል የሚመዘግበውና መጨረሻ ላይ የሚፈትነው የንግድና የኢንዱስትሪ ምክር ቤቱ ነው። በአሜሪካም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 በጆሊየት ከተማ የተጀመረው ዓይነት የማኅበረሰብ ኮሌጅ፥ የአካባቢው ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ የሚማርበት ሆኖ ተስፋፍቷል፤ በከተማው የሚፈለገውን ሙያ ማስተማርም ከዋና ተግባሩ አንዱ ሆኗል።

ከነጋዴዎች የሚሰማው ተቃውሞ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው፥ «አስተምሬው ይሄድብኛል» የሚለው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢያስተምር ይህ እውነት ነው። ዐሥር ነጋዴዎች ካስተማሩ ግን ከአንዱ የሄደው ወደ ሌላው ይመጣል፤ ከከተማው አይወጣም። ሁለተኛው፥ «መኪናዬን ይሰብርብኛል» የሚለው ነው። የቡና መፈልፈያ ግን ለቀማው ካለፈ በኋላ ለብዙ ወራት ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ሠልጣኙ በባለሙያ ፊት ፈትቶ፥ አጥቦና ቀብቶ መልሶ ቢገጥመው፥ እርሱ ይማራል፥ መኪናውም ለመጪው ዓመት ይዘጋጃል። ሦስተኛው፥ «የሚመጡት ማኅተም ለማስመታት ነው» የሚለው ነው። ሥራ ሳያሳይ ማኅተም የሚመታው ግን ማነው? ወጣቱን መጋዘን አስጠርጎ «ሠልጥኗል» ብሎ የሚጽፍ ቤት የሚያታልለው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ነው።

ስለዚህ ለየከተማው ነጋዴ ማኅበር የሚከተለው ይቀርባል። አንደኛ፥ አባሎች ያሏቸውን ሞተሮች፥ ፓምፖችና መኪናዎች በዓይነታቸው ዘርዝረው ለኮሌጁ ይስጡ፤ ተማሪው በመጽሐፍ ብቻ ያየውን ሳይሆን በከተማው ያለውን እንዲማር። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ የንግድ ቤት በዓመት አንድ ሠልጣኝ እንኳ ይቀበል፤ ውሉም በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ ልምምድ በተደነገገው መሠረት በጽሑፍ ይሁን። ሦስተኛ፥ በሥራ ላይ ሙያ የለመዱት ነባር ሠራተኞቻችን ኮሌጅ ሳይገቡም የብቃት ምዘና ተፈትነው የምስክር ወረቀት የሚያገኙበት ደንብ ስላለ፥ ጊዜ ሰጥተን እናስፈትናቸው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው ሌላውን ለማስተማርም ብቁ ነው። አራተኛ፥ አሮጌ ሞተር ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ከመሸጡ በፊት ለኮሌጁ መማሪያ ይቅረብ። የብረቱ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ለተማሪው ግን ከብዙ ሥዕል ይበልጣል።

ሴቶች ልጆችም በዚህ እንዳይረሱ ያስፈልጋል። ቡና መቅመስ፥ ኤሌክትሪክ መዘርጋትና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ መጠገን ትኩረትንና ጥንቃቄን እንጂ የጡንቻ ብርታትን አስቀድመው የሚጠይቁ ሙያዎች አይደሉም።

በብዙ ኮሌጆች የሒሳብ መዝገብ አያያዝና የጽሕፈት ሥራ ተማሪዎች ሲበዙ የሞተርና የብየዳ ተማሪዎች የሚያንሱት፥ ብዕርና ወረቀት ከሞተር ይልቅ በርካሽ ስለሚገኙ ነው። ይህ ጸሐፊ ራሱ በብዕር የሚተዳደር ሰው ስለሆነ ሙያውን አያቃልልም። የሚቆጠር ዕቃ ከሌለ ግን መዝገብ ያዥም ሥራ የለውም። የሚጐድለውን ሞተር ሊያሟላ የሚችለው ደግሞ ሞተር ያለው ነጋዴ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው የቡና ለቀማ ሳይደርስ፥ መፈልፈያዎቹ ሥራ ፈትተው በቆሙበት በዚህ ወራት፥ እያንዳንዱ ነጋዴ በከተማው ወዳለው ኮሌጅ ሄዶ አንድ ወጣት በስም ጠይቆ ቢወስድ፥ መካኒክ ከሩቅ አገር መጥራት ዓመት ከዓመት እየቀነሰ እንደሚሄድ ጥርጥር የለውም።