ከኅዳር በሽታ እስከ ዓይነ ስውሩ ቄስ፦ የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ታሪክ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚታጠነው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ በማሰብ ነው። ወረርሽኙ ሌላም አሻራ በምዕራብ ወለጋ ትቷል። የአካባቢው ገዥ ሐኪም በመሻታቸው፣ በሱዳን ያገለግሉ የነበሩት አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 ሰዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ደረሱ። የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የሕክምና ሥራ የበቀለች ናት።

ፕሬስቢቴሪያን የሚለው ስያሜ መነሻው «ሽማግሌ» የሚል የግሪክ ቃል ነው፤ አጥቢያውን የሚመሩት ምእመናን የመረጧቸው ሽማግሌዎች እንጂ ጳጳስ አይደለም። («ቀሲስ» የሚለው ማዕርግም በሥረ ቃሉ ሽማግሌ ማለት ነው።)

ሥርዓቱ የተፈተነው በፋሽስት ወረራ ዘመን ነው። ሚስዮናውያኑ ከሀገር ሲባረሩ ኃላፊነቱ በኢትዮጵያውያን ትከሻ ላይ ወደቀ። ከመሪዎቹ አንዱ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ገና በልጅነታቸው በፈንጣጣ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ነበሩ። ለዓይነ ስውር ከልመና በቀር መተዳደሪያ በማይታሰብበት ዘመን ሰባኪና የምእመናን መሪ መሆናቸው፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት አዋጅ ከመውጣቱ እጅግ አስቀድሞ የታየ አካታችነት ነው። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ቤቴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 ከሉተራዊቷ መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ስሟ ግን እስከ ዛሬ በምዕራብ ኢትዮጵያ የቤቴል ሲኖዶሶች መጠሪያ ነው።