ድራዠን ፔትሮቪች

ድራዠን ፔትሮቪች (ኦክቶበር 22 ቀን 1964 – ጁን 7 ቀን 1993 እ.ኤ.አ.) በጋርድ ቦታ የተጫወተ ክሮኤሽያዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ከ1979 እስከ 1993 ለአምስት ክለቦች ተሰልፏል። በአውሮፓ ከታወቁት ነጥብ አስቆጣሪዎች ግንባር ቀደሙ ቢሆንም፣ በአሜሪካው ኤን.ቢ.ኤ. መጀመሪያ ላይ ብዙ የመሰለፍ ዕድል አላገኘም። ክለብ ከቀየረ በኋላ ግን ከአውሮፓ የመጣ ጋርድ በዚያ ሊግም የቡድን ዋና ተጫዋች መሆን እንደሚችል አሳየ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሺቤንካ (1979–1983)

ፔትሮቪች በትውልድ ከተማው በሺቤኒክ፣ ለሺቤንካ ክለብ ዋና ቡድን መጫወት የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው። ክለቡ በ1982 እና በ1983 ለኮራች ዋንጫ ፍጻሜ ቢደርስም ሁለቱንም ጊዜ በፈረንሳዩ ሊሞዥ ተሸነፈ። በ1983 የዩጎስላቪያ ሊግ የመጨረሻ ጨዋታ ፔትሮቪች በማብቂያው ላይ ሁለት የቅጣት ውርወራዎችን አስቆጥሮ ቡድኑ ቦስናን አሸነፈ። በማግስቱ ግን ውጤቱ በዳኝነት ስሕተት ምክንያት ተሰረዘ። ሺቤንካ ጨዋታውን አልደግምም በማለቱ ዋንጫው ለቦስና ተሰጠ።

ሲቦና (1984–1988)

አንድ ዓመት በውትድርና ካገለገለ በኋላ ታላቅ ወንድሙ አሌክሳንዳር ወደሚጫወትበት የዛግሬቡ ሲቦና ገባ። ሲቦና በ1985 ሪያል ማድሪድን፣ በ1986 ደግሞ አርቪዳስ ሳቦኒስ የተሰለፈበትን ዣልጊሪስ ካውናስን አሸንፎ በተከታታይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ1985 ፔትሮቪች በኦሊምፒያ ሉብሊያና ላይ በአንድ ጨዋታ 112 ነጥብ አስቆጠረ፤ ሆኖም ተጋጣሚው የዚያን ዕለት ያሰለፈው ወጣት ተጫዋቾቹን ነበር።

ሪያል ማድሪድ (1988–1989)

በስፔን የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የንጉሡን ዋንጫና የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን አገኘ። በሁለተኛው ውድድር ፍጻሜ ሪያል ማድሪድ የጣሊያኑን ካዜርታ በተጨማሪ ሰዓት 117 ለ 113 ሲያሸንፍ፣ ከነጥቦቹ 62ቱን ያስቆጠረው ፔትሮቪች ነበር።

ኤን.ቢ.ኤ. (1989–1993)

ፖርትላንድ ትሬይል ብሌዘርስ በ1986 በ60ኛ ተራ መርጦት ነበር፤ ወደ ክለቡ የሄደው ግን በ1989 ነው። በጋርድ ቦታ ክላይድ ድሬክስለርና ቴሪ ፖርተር ስለነበሩ፣ 48 ደቂቃ ከሚፈጀው ጨዋታ በአማካይ የሚሰለፈው 13 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ይህም ወደ 7 ደቂቃ ወረደ።

በጃንዋሪ 1991 ወደ ኒው ጀርዚ ኔትስ ተዛወረ። በ1991–92 የውድድር ዘመን በ82ቱም ጨዋታዎች፣ በአማካይ 37 ደቂቃ ገደማ እየተሰለፈ 20.6 ነጥብ አስቆጠረ፤ ኔትስም ከ1986 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፍ አለፈ። በቀጣዩ ዓመት አማካዩ 22.3 ነጥብ ደረሰ፤ ከወረወራቸው የሦስት ነጥብ ኳሶችም 45 በመቶ ገደማው ገባ። በዓመቱ መጨረሻ በኤን.ቢ.ኤ. ሦስተኛው ምርጥ ቡድን ውስጥ ተመረጠ።

ፔትሮቪች በዚያው ዓመት ጁን 7 ቀን በጀርመን አገር በደረሰ የመኪና አደጋ በ28 ዓመቱ ሞተ። ኔትስ የለበሰውን 3 ቁጥር ማሊያ ለሌላ ተጫዋች እንዳይሰጥ ወሰነ። በዛግሬብ የሚገኘው የሲቦና አዳራሽ በስሙ ተሰይሟል፤ በ2002 ደግሞ በአሜሪካ በሚገኘው የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ።