ስድስት አጻጻፍ ያላት መሐል ሜዳ

«አማርኛ ፊደሉ ስለበዛ ለኮምፒውተር አይመችም» የሚለው ወሬ ዛሬም አልሞተም። ስህተት ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ጀምሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። የጎደለን ጥቂት መስመር ኮድ ነው።

የሰሜን ሸዋን ስሞች እንይ። የመንዝ ጌራ ምድሯን ከተማ አንዱ መሐል ሜዳ፣ ሌላው መሃል ሜዳ፣ ሦስተኛው መሀል ሜዳ ብሎ ይመዘግባታል፤ በሓ፣ በኀና በኃ የሚጽፍ ሲጨመር ስድስት ይሆናል። የመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማም በአ፣ በኣ፣ በዐና በዓ ልትጻፍ ትችላለች። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ነው። ዳታቤዙ ግን የሚያወዳድረው ቁጥሮችን ስለሆነ በአንዱ የጠየቀ በሌላው የተጻፈውን አያገኝም፤ ከዚያ «መዝገቡ ጠፍቷል» ይባላል።

መፍትሔው ፊደሉ በተደረደረበት ሥርዓት ውስጥ አለ። በዩኒኮድ ዋናዎቹ የሆሄ ቤቶች ስምንት ስምንት ቦታ ይዘው ተከታትለው ተቀምጠዋል። ሀ 4608፣ ሐ 4624 ነው፤ ስለዚህ ከሐ እስከ ሖ ካሉት ከእያንዳንዳቸው 16 ሲቀነስ ከሀ እስከ ሆ ይገኛሉ። ከኀ ቤት 128፣ ከዐ ቤት 48፣ ከፀ ቤት 8 ይቀነሳል፤ በሠ ቤት ላይ 16 ይደመራል። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳሉ። በቃ።

ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ኮዶች የሚሳሳቱት በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ሃን ወደ ሀ የሚመልሰው መስመር ከቀደመ፣ ሓ ዘግይቶ ሃ ይሆንና እዚያው ይቀራል፤ መሓልና መሀልም አይገናኙም። ሁለተኛው ስምንተኛው ቦታ ነው። ከሗ 16 ሲቀነስ የሚወጣው ሇ ነው፤ አማርኛ የማይጠቀምበት ሆሄ! በሐ ቤት ቅነሳው ሰባተኛው ላይ ይቁም።

«ሞክሼ ሆሄያትን ማዋሐድ ቋንቋውን ማበላሸት ነው» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው እውነት አለው። ሠረቀ ለፀሐይ መውጣት፣ ሰረቀ ለሌባ ሥራ ነው፤ ኮዱ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ሰው የጻፈው እንዳለ ይቀመጥ፤ የተዋሐደው ለፍለጋ ብቻ በሌላ ዓምድ ይግባ። ይህም ቢሆን ሁሉን አይፈታም፦ ግሼን ጊሼ፣ መርሐ ቤቴን መራቤቴ ብሎ ለጻፈ የስም ዝርዝር እንጂ ቅነሳ አይረዳውም።

ሲስተሙን የምታስተዳድሩ ደግሞ ኮዱን በአዲስ ምዝገባ ላይ ብቻ አትጫኑ። የቆየው መዝገብም ተጠቃሚው የሚጽፈው ጥያቄም በዚያው ኮድ ይለፉ። ከዚያ ስድስቱን መሐል ሜዳዎች አስገቡና በአንዱ ፈልጉ፤ ስድስቱም ካልወጡ መጀመሪያ የመስመሮቹን ቅደም ተከተል ተመልከቱ።