የሚጠራው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ
ከመደብርና ከመጋዘን ትራፊ ዕቃ ስለ ማስነሣት

በንግድ ሥራ ዋጋ ማለት ቃል ማለት ነው። አንድ ነጋዴ ዋጋውን ሲያስታውቅ ቃሉን እንደ ሰጠ ይቈጠራል፤ ገዢውም ያንን ቃል አምኖ ገንዘቡን ያዘጋጃል፥ ሌሎቹንም ተወዳዳሪዎች ያሰናብታል። ስለዚህ የተጠራው ዋጋና በመጨረሻ የሚከፈለው ዋጋ የተለያዩ እንደ ሆነ፥ የሚጐዳው የአንድ ሰው ኪስ ብቻ ሳይሆን የገበያው እምነት ጭምር ነው። ይህ ጕዳት በቀላሉ ሊደርስ ከሚችልባቸው ሥራዎች አንዱ ትራፊ ዕቃና ጥራጊ የማንሣት ሥራ ነው።

በአርባ ምንጭ፥ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፥ ዋጋ ያለውን አሮጌ ዕቃ ቁራሌው ገንዘብ ከፍሎ ይወስደዋል። ብረታ ብረቱ፥ ጠርሙሱና ጀሪካኑ ገዢ አያጣም። ባለ መደብሩን የሚያስቸግረው ገዢ የሌለው ትራፊ ነው፤ ይኸውም የተሰበረ መደርደሪያ፥ የረጠበ ካርቶን፥ የበሰበሰ ሙዝ፥ የፈረሰ ግድግዳ ፍርስራሽና ይህን የመሳሰለው ነው። ይህን ለማስነሣት ባለ ጋሪ፥ ባለ ባጃጅ ወይም ባለ አይሱዙ ይፈለጋል፤ የዋጋውም ነገር የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

አሳሳቹ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ፍጹም ሐሰት አይናገርም። ኀይሉ ያለው «ጀምሮ» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው። «ከዚህን ያህል ብር ጀምሮ» ሲባል አንባቢው ቍጥሩን ያያል እንጂ ቃሏን አያስተውልም። ያ ዋጋ ምናልባት ለጥቂት ከረጢት፥ ለቅርብ መንገድ፥ ያለ ሠራተኛ የተባለ ሊሆን ይችላል።

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እናስብ። አንደኛው ባለ መኪና «ምልልሱ ከ1,500 ብር ጀምሮ» ይላል፤ ሁለተኛው «ሁሉን ጨምሮ 3,000 ብር» ይላል። ባለ መደብሩ የመጀመሪያውን ይመርጣል። መኪናው ከደጅ ሲቆም ግን ለአራት ጫኝና አውራጅ በነፍስ ወከፍ 300፥ በድምሩ 1,200 ብር ይጠየቃል። መደብሩ ሲቀላ ሳይሆን ዳገቱን ወጥቶ ሴቻ ስለ ሆነ 400 ብር፥ ለማራገፊያም 500 ብር ይጨመራል። ድምሩ 3,600 ብር ይሆናል። ርካሽ የተባለው በ600 ብር ተወደደ፤ እውነቱን አስቀድሞ የተናገረውም ሰው ሥራውን አጣ።

ባለ መደብሩ በዚያ ሰዓት እንቢ ለማለት ይቸግረዋል። ዕቃው እኩሌታው ተጭኗል፥ እኩሌታው በደጃፉ ተበትኗል፥ ደንበኛም መግቢያ አጥቷል። ከዚህ በኋላ የሚደረገው ክርክር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

በአንጻሩ የጭማሪ ጥያቄ ሁሉ ማታለል ነው ማለት አይገባም። ዕቃውን ሳያይ ዋጋ የሰጠ ባለ መኪና፥ ከካርቶኑ ሥር ድንጋይና ሲሚንቶ ተደብቆ ቢያገኝ የተታለለው እርሱ ነው። በማይበቃ ዋጋ ሥራውን የያዘ ሰው ደግሞ ኪሳራውን ለማካካስ ጭነቱን ከተፈቀደው ስፍራ ሳያደርስ በመንገድ ዳር ወይም በኩልፎ ወንዝ አጠገብ ለመድፋት ይፈተናል። የኩልፎ ውኃ የሚገባው ወደ ጫሞ ሐይቅ እንደ ሆነ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 813/2006 አሳሳች የንግድ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ዋጋን ማሳወቅንና ደረሰኝ መስጠትንም ግዴታ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ዐዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ስለ ሆነ፥ ነጋዴ ለመደብሩ ሥራ ሲዋዋል በዚህ ስም ብቻ ሊተማመን አይገባውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1687 እንደሚያመለክተው፥ በአደባባይ የተለጠፈ የዋጋ ዝርዝር ብቻውን ውል ለመዋዋል እንደ ቀረበ ሐሳብ አይቈጠርም። በተንኰል የተገኘ ውል በቍጥር 1704 መሠረት ሊፈርስ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ለማስረዳት የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ከጭነቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በውጭው ዓለምም ነገሩ ተመሳሳይ ቅሬታ አስነሥቷል፤ በእንግሊዝ አገር ከመጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ፥ ሸማቹ የግድ የሚከፍለውን ክፍያ ከተነገረው ዋጋ ውስጥ ደብቆ በኋላ ማምጣትን ይከለክላል።

ስለዚህ አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዳሉት፥ ከመጫኑ በፊት የሚከተሉትን መፈጸም ይበጃል።

1ኛ/ ባለ መኪናው ዕቃውን በዐይኑ አይቶ ዋጋ ይስጥ፤ ባለ ዕቃውም ከባዱን አይደብቅ።
2ኛ/ የመጨረሻው ድምር በአንድ ቍጥር ይነገር፤ ጫኝና አውራጅ፥ የምልልሱ ብዛትና ማራገፊያው በውስጡ መኖራቸው ይገለጽ።
3ኛ/ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈል ከሆነ በዋጋው ውስጥ መታሰቡና አለመታሰቡ ይታወቅ፤ ደረሰኝም ይጠየቅ።
4ኛ/ ከትራፊው ውስጥ የሚሸጥ ብረት ቢኖር የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ይወሰን።
5ኛ/ ባለ መኪናው ቆሻሻ ለማጓጓዝ ፈቃድ ያለው እንደ ሆነ ይጠየቅ፥ ፈቃዱም ይታይ።
6ኛ/ ይህ ሁሉ በአንዲት ወረቀት ሰፍሮ ሁለቱም ይፈርሙበት።

በጋሞ አገር ከባድ ጉዳይ በዱቡሻ፥ በሕዝብ ፊት፥ በሽማግሌዎች ሸንጎ ይነገራል፤ የሚነገረውም ሁሉም እንዲሰማው ነው። የነጋዴም ዋጋ እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። ከጭነት ሠሪው ግልጽ ዋጋ የሚጠይቅ ባለ መደብር፥ በራሱ መስኮት ላይ ያለውንም «ጀምሮ» የምትል ቃል መመርመር ይኖርበታል። በዝቅተኛ ዋጋ ተጠርቶ በጭማሪ የተሸኘ ደንበኛ ሁለተኛ አይመለስምና።