ኮምፓይለር በምን ይመዘናል?

ኮምፒዩተር የሚፈጽመው በቁጥር ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ሰው ግን ፕሮግራሙን የሚጽፈው ለማንበብም ለማረምም በሚቀለው፣ እንደ ፓስካል ባለ ቋንቋ ነው። የሰውን ጽሑፍ ተቀብሎ ወደ መሣሪያው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ የግል ኮምፒዩተሮች በአሜሪካ ሲበራከቱ ልዩ ልዩ ኮምፓይለሮች ለገበያ ቀረቡ። ሻጭ ሁሉ «የኔ ይሻላል» ስለሚል ገዢው ሚዛን ያስፈልገው ነበር።

ከሚዛኖቹ አንዱን ያዘጋጀው ጂም ጊልብሬዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1981 ባይት በተባለው መጽሔት ላይ አቀረበው። ሐሳቡን የወሰደው ከጥንታዊው ግሪካዊ ሊቅ ከኤራቶስቴንስ ወንፊት ነው። እናንተም በወረቀት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከ3 ጀምሮ ለሁለት የማይካፈሉትን ቁጥሮች በተራ ጻፉ፤ 3ን ትታችሁ የ3ን ብዜቶች፣ ቀጥሎም 5ን ትታችሁ የ5ን ብዜቶች እያላችሁ ሰርዙ። በመጨረሻ ሳይሰረዙ የሚቀሩት ከራሳቸውና ከ1 በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። የጊልብሬዝ ፕሮግራም 8191 ቁጥሮችን ዐሥር ጊዜ ይነፋል፤ የፈጀውም ጊዜ በሴኮንድ ይለካል። ትክክለኛው መልስ 1899 ነው (2 አስቀድሞ ስለተተወ አይቈጠርም)። ሌላ መልስ የሚያወጣ ኮምፓይለር የቱንም ያህል ቢፈጥን በትርጉሙ ስሕተት አለበት።

ይሁን እንጂ ወንፊቱ ሁሉን አይለይም። ፕሮግራሙ ሙሉ ቁጥር ከመደመርና ምልክት ከማድረግ በቀር ብዙ ሥራ የለውም፤ ክፍልፋይ አያባዛም፣ በዲስክ ላይም አይጽፍም። ስለዚህ በዚህ ፈተና አንደኛ የወጣ ኮምፓይለር የወለድ ሒሳብ ሲሰጠው ወደ ኋላ ቢቀር ሊያስገርማችሁ አይገባም።

ደግሞም የሴኮንዱ ቁጥር የሚነግረን የተተረጐመው ፕሮግራም እንዴት እንደሚሮጥ ነው። ጸሐፊው ግን ትርጉሙ እስኪያልቅም ይጠብቃል። እስቲ በፍሎፒ ዲስክ የሚሠራ ኮምፒዩተር አስቡ። በዚያን ጊዜ ብዙ ኮምፓይለሮች ጽሑፉን በሁለትና በሦስት ዙር እየተረጐሙ የየዙሩን ውጤት በዲስክ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንዲት ድርብ ሰረዝ ከተረሳች ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። አንዱ ትርጉም አምስት ደቂቃ ቢፈጅና በቀን ሃያ ጊዜ ብታርሙ፣ አንድ መቶ ደቂቃ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል።

ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ያወጣው ቱርቦ ፓስካል የተወደደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ የደረሰው ይህ ኮምፓይለር ከጽሑፍ ማረሚያው ጋር በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ አብሮ ተቀምጦ በአንድ ዙር ይተረጕማል፤ ስሕተት ሲያገኝም ቆሞ ጸሐፊውን ወደ ስሕተቱ ቦታ ይወስደዋል። ዋጋውም 49.95 ዶላር ብቻ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ በመቶዎች ዶላር ይሸጡ ነበር። እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በመጀመሪያው እትም የተተረጐመው ትእዛዝ ከ64 ኪሎባይት እንዳይበልጥ ይገደብ ነበር፤ ስሕተትንም የሚያሳየው አንድ በአንድ እንጂ በዝርዝር አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሲያርም ለሚውል ተማሪ ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ተተርጕሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሰላ ፕሮግራም ያለው መሐንዲስ ግን፣ ትርጉሙ ቢዘገይበትም ፈጣን ትእዛዝ የሚያወጣለትን ሌላ ኮምፓይለር ቢመርጥ አልተሳሳተም።