አንድ ሽቦ መሬት ሲነካ፦ የኤሌክትሪኩን ኃይል ማን ይገታዋል?

በክረምት ነፋስ ጃጁራ አካባቢ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የመብራት መስመር ላይ ቢወድቅ፣ ወይም ሽቦ ተበጥሶ አፈር ቢነካ ምን ይሆናል?

በአገራችን ኃይል ወደ ከተሞችና ወደ ቀበሌዎች የሚያደርሱት መስመሮች በአብዛኛው 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ናቸው። ሦስት ሽቦዎች፣ ማለትም ሦስት ፌዞች አሏቸው። ጭነታቸው እኩል ሲሆን የሦስቱ ድምር በየቅጽበቱ ዜሮ ስለሚመጣ መመለሻ ሽቦ አያስፈልግም። አንዱ መሬት ሲነካ ግን ሚዛኑ ይፈርሳል። ኤሌክትሪኩ በአፈር ውስጥ አድርጎ በማከፋፈያ ጣቢያው ወዳለው ትራንስፎርመር ኒውትራል፣ ማለትም ሦስቱ ፌዞች ወደሚገናኙበት ነጥብ፣ ይመለሳል።

ኒውትራሉ በቀጥታ ከመሬት ጋር ከታሰረ የሚያግደው የለም፤ ብልሽቱ ለጣቢያው ከቀረበ ብዙ ሺህ አምፔር ሊፈስ ይችላል። ይህ ሽቦ ያቀልጣል፣ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየውን ስኒ ይሰነጥቃል፣ የትራንስፎርመሩን ጥቅል ይጎዳል።

መፍትሔው በኒውትራሉና በመሬት መካከል ሪአክተር ማስገባት ነው። ሪአክተር የወፍራም ሽቦ ጥቅል ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ መስኩም አብሮት ይለዋወጣል፤ ይህ ለውጥ በጥቅሉ ውስጥ የሚቃወም ቮልቴጅ ያስነሳና ፍሰቱን ይገታል። ሬዚስተር ኃይሉን ወደ ሙቀት ሲቀይር፣ ሪአክተር በመስኩ ይዞ መልሶ ስለሚሰጠው ብዙም አይግልም።

በቁጥር እንየው። የ33 ኪሎ ቮልት መስመር አንዱ ፌዝ ከመሬት አንጻር 19,000 ቮልት ያህል አለው። የ19 ኦም ሪአክተር ብቻውን ፍሰቱን ከ1,000 አምፔር ገደማ አያሳልፍም። 5,000 አምፔር ሊፈስ የነበረው ወደ 1,000 ከወረደ፣ ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 25 ጊዜ ያንሳል።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ቫልደማር ፒተርሰን በ1916 እ.ኤ.አ. ከዚህ አልፎ ሄደ። ረጅም መስመር ከመሬት ጋር እንደ ካፓሲተር ስለሚሠራ፣ አንድ ፌዝ መሬት ሲነካ በሌሎቹ ሁለቱ በኩል ካፓሲቲቭ ፍሰት ይመጣል። የሪአክተሩ ፍሰት የዚህ ተቃራኒ ነው። መጠናቸው ከተመጣጠነ ብልሽቱ ቦታ ላይ የሚቀረው ጥቂት ስለሆነ፣ ብልጭታው ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ መብራትም ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ዋጋ ግን አለው። የሁለቱ ጤነኛ ፌዞች ቮልቴጅ ከመሬት አንጻር እስከ 1.73 እጥፍ ሊያድግ ስለሚችል ስኒዎቹ ይህን የሚችሉ መሆን አለባቸው። ፍሰቱ ሲያንስ ደግሞ ብልሽቱን የሚለየው ሪሌ ይበልጥ ንቁ መሆን ይኖርበታል።

ሪአክተር የሚያድነው ትራንስፎርመሩንና መስመሩን ነው፤ ሰውን ለመግደል ከ1 አምፔር እጅግ ያነሰ ይበቃል። በወደቀ ሽቦ ዙሪያ መሬቱ ራሱ ቮልቴጅ ስለሚይዝ፣ የፊትና የኋላ እግሮቿ የተራራቁ ላም ሽቦውን ሳትነካ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ የወደቀ ሽቦ ብልጭታ ባይኖረውም ከ10 ሜትር በላይ ራቁ፣ ልጆችንና ከብቶችን አርቁ፣ ወዲያውኑ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ።