ምንም ሳይጎድል ማመቅ፦ የሃይፐርስፔክትራል ምስል ጉዳይ

ፍላሽ ዲስካችን ሲሞላ ፋይሎችን ዚፕ እናደርጋለን፤ ፎቶ ሲከብደን ደግሞ ወደ ጄፔግ እንቀይራለን። ሁለቱም ፋይል ያሳንሳሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ዚፕ የተደረገ ፋይል ሲፈታ እያንዳንዱ ቢት እንደነበረ ይመለሳል። ጄፔግ ግን ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ይጥላል፤ የተጣለው አይመለስም። ለመሆኑ ከሳተላይት የሚመጣ የሃይፐርስፔክትራል ምስል በየትኛው መንገድ ይታመቅ?

ተራ ካሜራ ለአንድ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ሦስት ቁጥር ብቻ ይይዛል። ሃይፐርስፔክትራል ሴንሰር ግን ብርሃኑን በመቶ በሚቆጠሩ ጠባብ ባንዶች ከፋፍሎ ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2000 የናሳ ኢኦ-1 ሳተላይት ይዞት የወጣው ሃይፔሪየን 242 ባንዶች ነበሩት። የአንድ መስመር ምስል 256 ፒክስል ነበር። እስቲ እናባዛው፦ 256 ጊዜ 242፣ 61,952 ቁጥር ይሆናል። እያንዳንዱ 12 ቢት ሲይዝ 743,424 ቢት መጣ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ርዝመቱ 30 ሜትር ለሆነ የመሬት ቁራጭ ብቻ ነው! ሳተላይት ደግሞ በአንድ የምድር ጣቢያ ላይ ሲያልፍ የሚያገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማመቁ ግዴታ ነው።

ታዲያ ትንሽ ብንጥልስ ምን ችግር አለው? ካኦሊናይት የተባለውን የሸክላ ማዕድን እንውሰድ። 2.2 ማይክሮሜትር አካባቢ ስፔክትረሙ ሁለት የተጠጋጉ ስርጉዶች ያሳያል። ሞንትሞሪሎናይት ግን እዚያው አካባቢ አንድ ብቻ ነው ያለው። ለዓይን ምንም የማይመስለው ትንሽ ስርጉድ ከጠፋ አንዱን ማዕድን በሌላው ስም ልንጠራው እንችላለን።

ዘዴው ቀላል ሐሳብ ላይ ይቆማል፦ ጎረቤት ባንዶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ኮምፕረሰሩ ቀድሞ ካለፉት ፒክስሎችና ባንዶች ተነስቶ ቀጣዩን ቁጥር ይገምታል። ለምሳሌ ግምቱ 1839፣ ትክክለኛው ደግሞ 1842 ቢሆን የሚላከው ልዩነቱ፣ 3 ብቻ ነው። ለትናንሽ ልዩነቶች አጭር ኮድ ስለሚሰጥ ቢቱ ይቀንሳል። ተቀባዩም በእጁ ካሉት ቁጥሮች ያንኑ ግምት ሠርቶ 3 ይደምርበታል፤ 1842 ተመለሰ። የሕዋ ዳታ ሲስተሞች አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው 123.0-ቢ-1 ስታንዳርድ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የግምቱን ክብደቶች እየሄደ ያስተካክላል፤ ስሌቱም በሙሉ ቁጥር ስለሆነ ለሳተላይት ሃርድዌር ይመቻል።

ይሁን እንጂ ገደብ አለው። የሴንሰሩ ኖይዝ በዘፈቀደ ስለሚመጣ ሊገመት አይችልም፤ የማይገመት ነገር ደግሞ አይታመቅም። ሌላው ችግር፣ አንድ ቢት በመንገድ ላይ ቢበላሽ ተከታዩ ግምት ሁሉ ሊሳሳት ይችላል። ለዚህም ምስሉን ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ማመቅ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛው እትም ከተወሰነ ገደብ የማያልፍ ስህተት እንዲፈቀድ አማራጭ ጨምሯል፤ ገደቡን የሚወስነው ግን ተጠቃሚው ነው። እዚህ ላይ ነው ማሰብ የሚያስፈልገው፦ ዛሬ ኖይዝ ነው ብለን የጣልነው ነገ ሌላ ተመራማሪ የሚፈልገው ስርጉድ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ርዕስ ፕሮጀክት መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ፈተና አትርሱ። የፈታችሁትን ምስል ከዋናው ቀንሱ። ውጤቱ በሁሉም ፒክስልና በሁሉም ባንድ ዜሮ መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ እንኳ 1 ከመጣ ኮዳችሁ የሆነ ነገር አጉድሏል ማለት ነው።